«እግዚአብሔር የለም» የሚለው ወንድማችን ምን ይጠይቀናል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ በሱለይና በአካባቢው የምትኖሩ ምእመናን፣

ዛሬ የምንማማረው ከስልካችን ላይ ስለማይጠፋ አንድ ክርክር ነው። በሀገር ቤት ከወጣቶቻችን መካከል «እኔ በእግዚአብሔር አላምንም» የሚሉ አሉ። ቀድሞ በሹክሹክታ ይባል የነበረው አሁን በግልጽ ይነገራል። ይህን ስንሰማ ወይ እንሳደባለን፣ ወይ አማትበን እናልፋለን። ነገር ግን ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ የሚያነሡት ጥያቄ ስለ እግዚአብሔር መኖር አይደለም፤ ስለ እኛ ስለ አማኞቹ ነው። «መንግሥትና ሃይማኖት ተለያይተዋል ከተባለ ሃይማኖተኛው ለምን ከእኔ የበለጠ ቦታ ይሰጠዋል?» ይላሉ።

ጥያቄውን ሳናጣምም እንስማው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ደንግጓል። አንቀጽ 27 የሃይማኖትና የአመለካከት ነጻነትን ለሁሉም ይሰጣል። «ታዲያ» ይላል ሃይማኖት የለሹ፣ «ከገናና ከጥምቀት ጀምሮ እስከ ዒድና መውሊድ በዓላቱ የአማኞች ናቸው። የድምፅ ማጉያው ሌሊት ሲከፈት የታመመ ሰው መኖሩን የሚያስብ የለም። እናንተ እምነታችሁን በአደባባይ ስትናገሩ ትመሰገናላችሁ፤ እኔ ግን አላምንም ብል ቤተሰቤ ይቆርጠኛል፣ ሚስት የሚሰጠኝ አላገኝም፣ ስሞት የት እንደምቀበር አላውቅም።»

ወገኖቼ፣ ይህን አቤቱታ ለመመዘን ከእኛ የተሻለ ቦታ ላይ ያለ ሰው ጥቂት ነው። እኛ እዚህ ምንም የሃይማኖት ልዩ ጥቅም የሌለን ሰዎች ነን። እሑድ ለእኛ የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የዚህ ሀገር የዕረፍት ቀን ከሐሙስና ዓርብ ወደ ዓርብና ቅዳሜ ሲዛወርም እሑዳችን የሥራ ቀን እንደሆነ ቀረ። የትንሣኤን ዕለት በመጋዘን ዕቃ ስናወርድ ወይም በማዳም ወጥ ቤት ቆመን እናሳልፋለን። ቅዳሴውን በጆሮ ማዳመጫ እንሰማለን። የምንጾመውን የማያውቅ ሰው ምሳ ሲያቀርብልን ምክንያት እንፈልጋለን። ይህን የምንለው ለማማረር አይደለም፤ የምንኖርበትን ሀገር ሕግ እናከብራለን። ነገር ግን በሌላ ሰው የቀን አቆጣጠር መኖር ምን እንደሚመስል ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 እግዚአብሔር እስራኤልን መጻተኛውን እንዳያስጨንቁ ያዝዛቸዋል። ምክንያቱንም ይነግራቸዋል፤ በግብፅ መጻተኞች ስለነበሩ የመጻተኛ ነፍስ ምን እንደምትሆን እነርሱ ራሳቸው ያውቃሉ። ልብ በሉ፤ ይህ ትእዛዝ የተሰጣቸው ርስታቸውን ከመውረሳቸው በፊት፣ ገና በምድረ በዳ ሳሉ ነው። ባለ ሀገር ስትሆኑ የስደቱን ትምህርት እንዳትረሱ ሲላቸው ነው። እኛም ነገ ወደ ሀገራችን ስንገባ ብዙ ነን፣ ባለ በዓል ነን፣ ባለ አደባባይ ነን። በሱለይ የተማርነውን ያን ጊዜ እናስታውሰው ይሆን?

የቤተ ክርስቲያን ታሪክም ይህንኑ ይጠይቀናል። ክርስቲያኖች እስከ ሦስት መቶ ዓመታት ድረስ ያለ መንግሥት ድጋፍ፣ ብዙ ጊዜም በስደት ኖሩ። በ313 እ.ኤ.አ. በሚላኖ አዋጅ ነጻነት አገኙ። በ380 ደግሞ በቴዎዶስዮስ ትእዛዝ ክርስትና የመንግሥቱ ሃይማኖት ሆነ። ነጻነትን ከማግኘት በሌላው ላይ ባለ ሥልጣን እስከመሆን የነበረው መንገድ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ብቻ ነበር።

በእኛም ሀገር እንዲሁ ነው። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ አክሱም ሲመጡ፣ ክርስቲያኑ ንጉሥ ለአሳዳጆቻቸው አሳልፎ አልሰጣቸውም። ይህን የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ እኛም ስንናገረው ደስ ይለናል። ነገር ግን የሚከብደውንም እንናገር። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተገደዱ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ተሰደዱ፤ ሌሎቹ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ። በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጸልይ ሰው ምን እንደሚሰማው ለእናንተ አንነግራችሁም። ጌታችን ማንንም አስገድዶ አላስከተለም። ባለጸጋው ወጣት እያዘነ ሲሄድ እንኳ ከኋላው ወታደር አልላከበትም።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 ቤተ ክርስቲያናችንን በመንግሥት የምትደገፍ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን አደረጋት። ይህ ክብር ሀያ ዓመት እንኳ አልቆየም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የገጠር መሬቷ ሁሉ ተወሰደ። ብዙ ሰው አበቃላት ብሎ ነበር። ግን አላበቃላትም። ከአዋጁ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የተደራጀው ሰበካ ጉባኤ፣ ከምእመኑ በሚሰበሰብ አስተዋጽኦ ካህናቱን እየመገበ አሻገራት። የመንግሥት ርስት ሲቀር የድሀይቱ መበለት ሁለት ሳንቲም ቀረ፤ እርሱም በቃ።

እዚህ ላይ ለሃይማኖት የለሹ ወንድማችንም አንድ እውነት እንነግረዋለን። ደርግ ሃይማኖትን ከቤተ መንግሥት አውጥቶ ባዶውን አልተወውም፤ ኢአማኒነትን በምትኩ አስቀመጠ። አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም በዚያው ዓመት ገደለ። ስለዚህ ልዩ ጥቅም የሃይማኖተኛ ብቻ በሽታ አይደለም። ሰይፉን የያዘው ሁሉ ይታመምበታል።

ታዲያ ምን እንመልስለት? ነጻነትንና ልዩ ጥቅምን እንለይ። መለያውን ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ሰጥቶናል፤ ሰው ሊያደርግልን የምንወደውን እኛም ለሰው እናድርግ ብሎናል። ለሌላው ሲሰጥ ከእኔ የማይጎድል ነገር ነጻነት ነው። ለሌላው ሲሰጥ የሚያናድደኝ ከሆነ ግን የያዝኩት ልዩ ጥቅም እንዳይሆን ልመርምር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ በመጣው ለውጥ የሙስሊሞች በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆኑ። ዒድ ሲታወጅ ጥምቀት አልቀነሰም። ታቦት ወጥቶ ሕዝብ ሲያጅበው፣ ምእመን ነጭ ለብሶ በአደባባይ ሲዘምር ነጻነቱ ነው። «ሃይማኖታችሁን በቤታችሁ ደብቁ» የሚለንን አንቀበልም፤ በቤት መደበቅ ምን እንደሆነ እናውቀዋለንና። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ማጉያ ከፍቶ የታመመን ጎረቤት እንቅልፍ መንሳት፣ ባለሥልጣንን ተጠግቶ ለሌላው የተከለከለ ቦታ ማግኘት፣ «አላምንም» ያለን ሠራተኛ ከሥራ ማባረር ጽድቅ አይደለም። በዚህ በዚህ ወንድማችን እውነት አለው፤ እውነት ደግሞ ከማንም አፍ ቢወጣ የእግዚአብሔር ነው።

ይህ ትምህርት ለሀገር ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ክፍል ስድስት ሰባት ሆነን ስንኖር ከመካከላችን መጸለይ የተወ ሰው ይኖራል። ምናልባት ብዙ አይቶ ልቡ ተሰብሯል፤ ምናልባትም አስቦበት ነው። እኛ በማኅበራችን ጸበል ጸዲቁን ስንካፈል እርሱ ብቻውን ይቀመጣል። ታሞ ሲተኛ፣ ኢቃማው ተበላሽቶ ሲጨነቅ ወይም አስከሬኑ ወደ ሀገር ሲላክ ለመዋጮ እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊት «የእኛ ነው ወይስ አይደለም?» ብለን ከጠየቅን፣ በዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ እኛው ባለ ልዩ ጥቅም ሆነናል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለው ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው እምነቱን አልጠየቀውም። ዘይትና ወይን አፈሰሰለት፣ በአህያው ጫነው፣ የእንግዳ ማደሪያውንም ከፈለለት።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እናድርግ። በስልካችን ላይ የማያምን ሰው የሚሰደብበት ነገር ሲደርሰን ወደ ሌላ አናስተላልፍ። ከክፍላችን ከማኅበሩ ውጭ ያለውን ሰው «እንዴት ዋልክ?» ብለን እንጠይቀው፤ ማዕዳችንንም እናካፍለው። በጸሎታችንም ስሙን እናንሣ፤ እንዲሸነፍልን ሳይሆን እንዲድን። ሰይጣን የዓለምን መንግሥታት ሁሉ ለጌታችን ባሳየው ጊዜ ጌታችን አልተቀበለውም፤ በመስቀል ግን ዓለምን ወደ ራሱ ሳበ። እኛም በዚህ ሀገር መንግሥት የለንም፣ አደባባይ የለንም፣ የደወል ድምፅ የለንም። ፍቅር ግን አልተከለከለብንም።

የስደታችንን ዘመን ባርኮ፣ ልባችንን አስፍቶ፣ ለሀገራችን በሰላም ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።