የደረስጌው የልጅ ልጅ

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም፣ ከደባርቅ ማዶ ጃናሞራ ውስጥ ያለችውን ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ሊነግሡባት ነበር ይባላል። የካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ደጃዝማች ካሳ ድል አደረጓቸውና፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው አፄ ቴዎድሮስ ተባሉ።

እዚህ ድረስ ሁላችንም እንተርከዋለን። ቀጥሎ ንጉሡ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ ዓለማየሁ ተወለደ። የስሜን የልጅ ልጅ ማለት ነው። በ1860 መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር የሰባት ዓመቱን ልጅ ይዞት ሄደ። በ1872 በ18 ዓመቱ ሞተ። በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ፣ የእንግሊዝ ነገሥታት በሚያርፉበት የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን፣ ዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ተቀበረ።

በ2015 ቤተሰቦቹ ዐፅሙ ይመለስ ሲሉ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት መልስ፣ አጠገቡ የተቀበሩትን ብዙ ሰዎች ሳንረብሽ ማውጣት የሚቻል አይመስልም የሚል ነበር።

እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። ይሄን መልስ በደንብ አውቀዋለሁ። «ይህን ኮድ ከነካነው ሌላው ይፈርሳል» እንላለን። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን «አይቻልም» ስንል «ይከብዳል» ማለታችን ነው፤ «ይከብዳል» ካልን ደግሞ «ስንት ቀን ይፈጃል?» መባሉ ስለማይቀር አንለውም።

መልሱን ግን አልንቀውም፤ የጎረቤት ሟች ዕረፍትም ዕረፍት ነው። የማልቀበለው ዐፅም ማንሣት በራሱ መረበሽ ነው የሚለውን ነው። እኛ ዘንድ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ግንቦት 12 በዓል ሆኖ ይከበራል። በጸሎትና በክብር ወደሚገባበት ማድረስ እንጂ ማንም ረበሻ አይለውም።

«በክብር አርፏል እኮ» የሚሉም አሉ። በክብር ማኖር ግን የባለቤትነት መብት አይሰጥም። የዚያው የአንግሊካን ቤተሰብ የሆነችው የኤዲንብራ ቅዱስ ዮሐንስ ይህን የገባት ይመስለኛል፤ ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት ቁምሳጥኗ ውስጥ ሲገኝ፣ በ1994 ወደ አዲስ አበባ ላከችው። በእርግጥ ታቦቱ አጠገብ የተቀበረ ሰው አልነበረም፤ ጉዳዩ ይቀላል።

ቢመጣስ የት ይረፍ? አዲስ አበባ ሥላሴ የሚል አይጠፋም። የደባርቅ ሰው አያቱ ወዳሠሯት ደረስጌ ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን የማስበው ጨለቆትን ነው። እቴጌ ጥሩወርቅ ከመቅደላ በኋላ ከልጃቸው ጋር ሲጓዙ ትግራይ ላይ ታመው ሞቱ፤ የተቀበሩትም እዚያ ጨለቆት ነው።