ጦርነቱ አጠረብን?

ጌም የሚጫወት ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቅሬታ አለች። አንድ ጌም በጣም ትወዳላችሁ፣ ትጨርሱታላችሁ፣ ከዚያ "ኤክስፓንሽን ሊወጣ ነው" ይባላል። ኤክስፓንሽን ማለት በዋናው ጌም ላይ የሚቀጠል ተጨማሪ ታሪክ ነው። ትጠብቃላችሁ። ይወጣል። በሁለት ምሽት ያልቃል። "ይኸው ነው እንዴ?" ትላላችሁ። ከጓደኛ ጋር ስታወሩም የምትሉት ያው ነው፦ አጭር ነው፣ ዋጋውን አይመጥንም፣ ቸኩለው ነው የሠሩት።

ይህ ጽሑፍ ስለዚህች ቅሬታ ነው። የመረጥኩት ጌም ግን ነገሩን ትንሽ ያወሳስበዋል። "ዴዘርት ሲጅ" ይባላል፤ የ"ጎስት ሪከን" ተቀጥላ ነው፤ በፈረንጆቹ 2002 ወጣ። ዋናው ጌም 15 ተልዕኮ ነበረው፣ ይኼኛው 8 ብቻ። አዳዲስ መሣሪያዎችና የኦንላይን ውድድር ዓይነቶች ተጨምረውበታል፣ ታሪኩ ግን ቶሎ ያልቃል። ታሪኩ ምንድን ነው ካላችሁ፦ ኢትዮጵያ ኤርትራን ትወራለች፣ እናንተ አሜሪካዊ ልዩ ወታደር ሆናችሁ ኤርትራን ነጻ ታወጣላችሁ። ኢትዮጵያዊ ከሆናችሁ፣ ከዛፍ ሥር ቆሞ የምትተኩሱበት ጠላት የአገራችሁ ልጅ ነው። ኤርትራዊ ከሆናችሁ ደግሞ በገዛ አገራችሁ ጦርነት ዋናው ሰው ሌላ ነው።

ጌሙን የሠራው ሬድ ስቶርም ኢንተርቴይንመንት የተባለ የአሜሪካ ስቱዲዮ ነው፤ የጦርነት ልብ ወለድ ጸሐፊው ቶም ክላንሲ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ዋናው ጌም በ2001 ሲወጣ ታሪኩን ያስቀመጠው በ2008 ነው፦ ሩሲያ ውስጥ አክራሪ ብሔርተኞች ሥልጣን ይይዙና ጆርጂያ ላይ ጦርነት ይነሳል። በ2008 ነሐሴ ላይ እውነተኛው የሩሲያና የጆርጂያ ጦርነት ሲፈነዳ ጌሙ ነቢይ ተባለ። ተቀጥላው አንድ ዓመት ወደፊት ይሄድና 2009 ላይ ያርፋል። ኮሎኔል ተስፋዬ ወልዴ የሚባል ኢትዮጵያዊ መኮንን ሥልጣን ይነጥቃል፣ ወደ ኤርትራ ይዘምታል፣ የቀይ ባሕር የመርከብ መስመር አደጋ ላይ ይወድቃል። አሜሪካ የምትመጣው ለዚህ ነው። ለመርከቡ።

የሰውየውን ስም ልብ በሉልኝ። ተስፋዬ።

አሁን ደግሞ ቀን እናስላ፤ የአገራችንን ነገር በአገራችን አቆጣጠር። ባድመ ላይ የተጀመረው ጦርነት ከሚያዝያ 1990 መጨረሻ እስከ ሰኔ 1992 ዓ.ም. ቆየ። የአልጀርሱ ስምምነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ተፈረመ። የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን ያሳወቀው ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ነው። ጌሙ ገበያ ላይ የዋለው በዚያው ሰሞን ነው። በባድመ፣ በዛላንበሳና በቡሬ ግንባሮች ከሁለቱም ወገን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አልቀዋል፤ ገና እንባው አልደረቀም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ይኼ ግን ንቀት እንኳን አይመስለኝም። አጥሩን ሲነቀንቁ ባለቤት አለው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እንዲያ ነው የሚመስለኝ።

እንግዲህ "አጭር ነው" የሚለው ቅሬታ እዚህ ላይ ምን ይሆናል?

የገዢ ቅሬታ በራሱ ስህተት የለበትም። ገንዘብ ከፍለህ የጎደለ ነገር ከሰጡህ ማጉረምረም መብትህ ነው። ግን ቃሉን ትንሽ እንየው። "ቅሬታ" ቅር መሰኘት ብቻ አይደለም፤ የቀረ ነገርም ነው፤ ቅሬተ አካል ስንል የቀረ አካል ማለታችን ነው። ስለዚህ ቅር የተሰኘን ሰው መጠየቅ ያለብን አንድ ነገር ነው፦ ምን ቀረ?

ገዢው "ሰባት ተልዕኮ ቀረ" ይላል። 15 ሊሆን ይገባው ነበር፣ 8 ሆነ። ይህንን በሌላ አማርኛ ስናስቀምጠው "ጦርነቱ አጠረብኝ" ማለት ነው። እውነተኛው ጦርነት ሁለት ዓመት ፈጅቷል። በዚያ ሁለት ዓመት ልጇን ግንባር የላከች እናት፣ ከአዲግራትም ትሁን ከሰንዓፈ፣ "ምነው አንድ ቀን ቀደም ብሎ በቆመ" ብትል እንጂ "አጠረ" አትልም። ተጫዋቹ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ስክሪኑ ላይ ያለው ጦርነትና ምድር ላይ ያለው ጦርነት መለኪያቸው ተገላቢጦሽ ነው፤ አንዱ ሲረዝም ደስ ይላል፣ ሌላው ሲያጥር። እንዲህ በተገለበጠ ሚዛን ከለካነው የቀረውን ነገር አናገኘውም።

እኔ እንደሚመስለኝ የቀረው ሌላ ነገር ነው። ለማየት ግን ጌሙ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

"ጎስት ሪከን" ታክቲካል ሹተር ነው። እንደ ሌሎቹ የተኩስ ጌሞች እየሮጡ መተኮስ አይደለም። ትተኛላችሁ፣ ታዳምጣላችሁ፣ ካርታ ላይ ቡድናችሁን ትከፋፍላላችሁ፣ አንድ ኮረብታ ለማለፍ አሥር ደቂቃ ትፈጃላችሁ። አንድ ወይ ሁለት ጥይት ከመታችሁ አለቀ። ትልቁ ነገር ደግሞ ይኼ ነው፦ ከእናንተ ጋር የሚዘምቱት ወታደሮች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። በየተልዕኮው ልምድ ያካብታሉ፣ ተኳሽነታቸው ይሻሻላል። አንዱ ከሞተ ሞተ። በሚቀጥለው ተልዕኮ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ተጫዋቾች ለአንድ የሞተ ወታደር ሲሉ ተልዕኮውን ከሥር ይጀምሩታል፤ "እሱን ትቼ አልሄድም" ይላሉ። በስክሪን ላይ ለተሠራ ሰው!

ይህ በጣም የሚደነቅ ነገር ነው። ጌሙ ሞትን እንዴት ከባድ ማድረግ እንደሚቻል ያውቃል ማለት ነው። መሣሪያው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ግራፊክስ አይደለም፤ ስም ነው፣ ትዝታ ነው፣ አለመመለስ ነው። ያንን መሣሪያ በእጁ ይዞ ግን ለአንድ ወገን ብቻ ሰጠው። በሌላው ወገን ያሉት ስም የላቸውም። ከመካከላቸው የምናውቀው ስም የኮሎኔሉን ነው፣ እሱንም ለማደን። ኤርትራ ደግሞ ባብዛኛው መልክዓ ምድር ናት፤ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ነጻ የምትወጣ ቦታ።

ቅሬታዬ ይኼ ነው። ስምንት ተልዕኮ የበቃው ስም ስለሌለ ነው። ስም የሌለው ሰው ታሪክ ቶሎ ያልቃል።

ሦስት ተቃውሞ ይሰማኛል፤ በየተራ እንያቸው።

አንደኛው "ኧረ አታካብድ፣ ጌም ነው" የሚለው ነው። እሺ። ግን መጀመሪያ ያካበደው ማነው? የዚህ ዓይነት ጌም የሚሸጠው በክብደቱ ነው። "እውነተኛውን ይመስላል፣ አንድ ጥይት ይገድላል፣ ስህተት ዋጋ ያስከፍላል" ተብሎ ነው የምንገዛው። ክብደትን የሚሸጥ ነገር ክብደቱን የት እንዳጎደለ ብንጠይቀው ሊያኮርፍ አይገባውም።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስቸግራል። "ቅር ለመሰኘት ቃል የተገባልህ መሆን አለበት። እነዚህ ሰዎች ላንተ ምን ቃል ገቡ? ጌሙም ላንተ አልተሠራም" ይላል። እውነት ነው፣ ቃል አልተገባልንም። ግን ለቅሶ ቤትን አስቡ። ለቅሶ ጥሪ የለውም፤ ማንም መንገደኛ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ይችላል፣ ማንም "ማን ጠራህ?" አይለውም። ነገር ግን ከገባ በኋላ የሟቹን ስም ሳይጠይቅ፣ ንፍሮውን ዘግኖ፣ ስለ ራሱ ጉዳይ አውርቶ ቢወጣ ቤተሰቡ ቅር ይለዋል። ቃል ስለገባ አይደለም። መግባቱ ራሱ ግዴታ ስላለው ነው። የሌላ ሰው ጦርነት ላይ ታሪክ መሥራትም እንዲሁ ይመስለኛል። መግባት ለሁሉም ክፍት ነው፤ ስም ሳይጠይቁ መውጣት ግን ነውር ነው።

ሦስተኛው "ታዲያ ይታገድ?" የሚል ነው። አይታገድ። ይህ የጌም ቤተሰብ ከመንግሥታት ጋር ሲጋጭ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ2007 ሌላ የ"ጎስት ሪከን" ጌም ሜክሲኮ ውስጥ ሲዋጋ የቺዋዋ ግዛት አስተዳዳሪ ቅጂዎቹ ከገበያ እንዲሰበሰቡ አዘዘ። በ2017 ደግሞ "ዋይልድላንድስ" ቦሊቪያን በአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች የምትገዛ አገር አድርጎ ሲያቀርባት፣ የቦሊቪያ መንግሥት ለፈረንሳይ ኤምባሲ አቤት አለ፤ አሳታሚው ኡቢሶፍት የፈረንሳይ ኩባንያ ነውና። ኩባንያው ነገሩ ልብ ወለድ ነው ብሎ መለሰ። መንግሥታት ቅር የሚላቸው በአገር ገጽታ ነው። የኔ ቅሬታ ስለ ገጽታ አይደለም። ኢትዮጵያ ክፉ ሆና ተሣለች ብዬ አላለቅስም፤ የሁለቱም አገር መሪዎች ወጣት ወደ ምሽግ ልከዋል። ገጽታ የባንዲራ ነው። እኔ የምለው ስለ ሰው ነው።

ሰው ቢገባበት ጌሙ ይከብድ ነበር፣ አይሸጥም ነበር የሚል ካለ፣ "ዲስ ዎር ኦፍ ማይን" አለለት። በ2014 የፖላንዱ 11 ቢት ስቱዲዮስ የሠራው ነው፤ መነሻው የሳራዬቮ ከበባ ነው። የምትጫወቱት ወታደር ሆናችሁ አይደለም፤ ምግብና መድኃኒት የሚፈልጉ፣ ስም ያላቸው ተራ ሰዎች ሆናችሁ ነው። የአንድ ሽማግሌና አሮጊት ቤት ገብታችሁ ምግባቸውን ከወሰዳችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚከብዳችሁ ነገር አለ። ብዙ ተሸጧል፣ ብዙ ተወዷል።

ወደ 2009 እንመለስ፤ ጌሙ ታንክ ወዳየበት ዓመት። እውነተኛው 2009 ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የነበረው ዝምታ ነው። ድንበሩ ዝግ፣ ስልኩ የተቆረጠ፣ ወንድምና እህት በሦስተኛ አገር በኩል ካልሆነ የማይገናኙበት፣ ጦርነትም ሰላምም ያልሆነ ጊዜ። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ስልክ ሲከፈት ሰዎች የማያውቁትን ቁጥር እየደወሉ ማንም ያንሳው ማን "ሰላም ነው? እንዴት ናችሁ?" ይሉ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን አሥመራ ሲያርፍ ሃያ ዓመት ያልተያዩ ሰዎች ተቃቅፈው አለቀሱ። ጌሙ ነቢይ ሊሆን የሚችለው ይህንን ቢያይ ነበር። ለማየት ደግሞ መጀመሪያ እዚያ ሰው አለ ብሎ ማመን ያስፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ ጽሑፉን "ፈረንጅ በደለን" ብዬ ብዘጋው ቀላል ነበር። ግን አይሆንም። ምክንያቱም ከዚያ ሐምሌ ሁለት ዓመት ሳይሞላው... እሺ፣ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ቆይቶ ሌላ ጦርነት መጣ። ከ2013 እስከ ጥቅምት 2015 ድረስ እኛ ራሳችን፣ በየወገናችን፣ ጦርነትን በስልክ ስክሪን ተከታተልን። ቪዲዮ ሼር አደረግን፣ የተያዘ ከተማ ቆጠርን፣ የሌላው ወገን ሬሳ ላይ የሳቅ ምልክት የለጠፈ ሰው አየን። "ዛሬ ምንም አዲስ ነገር የለም እንዴ?" የሚል ጥያቄ ሰማን። ይህ የማን ጥያቄ ነው? ኤክስፓንሽኑ ያጠረበት ሰው ጥያቄ ነው። በኛ በኩል የወደቀው ስም ነበረው፣ ፎቶ ነበረው፣ ሻማ በራለት። በዚያ በኩል የወደቀው ቁጥር ነበር። የሬድ ስቶርምን ሕግ ማንም ሳያስተምረን በደንብ አወቅነው።

ለዚህ ነው ነገሩ ለኔ ከጌም ያለፈው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ጌም የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፤ ቅኔ ጌምስ "ኩኩሉ"ን ሠርቷል፣ ከበዓል ቢላ የምታመልጥ ዶሮ ይዞ። ነገ ደግሞ ስለ ጦርነት የሚሠራ ሰው ይመጣል፤ መምጣቱም ጥሩ ነው፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም። ግን ባንዲራውን ብቻ ገልብጦ ያንኑ ጌም ከሠራው፣ በዚህ ጊዜ ስም የሌላቸው እነዚያ፣ ስም ያለን እኛ ከሆንን፣ ምን አገኘን? የተቀየረው ተኳሹ ብቻ ነው።

"ዴዘርት ሲጅ"ን መጫወት ክህደት ነው ወይ የሚል ካለ፣ አይደለም። ተጫወቱት። ዕቅዱ፣ ትዕግሥቱ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ጸጥታ ደስ ይላል፣ በዚያ መደሰት ኃጢአት አይመስለኝም። ስትጨርሱት "አጠረ" ማለታችሁም አይቀርም። እኔ ግን ዘጠነኛ ተልዕኮ አልፈልግም። ስምንቱ ይበቃሉ። ከስምንቱ በአንዱ ውስጥ፣ አንድ የወደቀ ወታደር አጠገብ ስታልፉ ጌሙ ለአፍታ ቢያስቆማችሁና ከኪሱ የወጣች መታወቂያ ብታሳያችሁ፣ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን ወረዳ ብታነቡ፣ ያ ለኔ ከሰባት ተልዕኮ ይበልጥ ነበር።