ዋጋውን ከፍለናል፤ ከዚያስ?

 

በዚህ ሳምንት ዱባይ የሚሠራ አንድ ወጣት አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። ነጭ ጀልባ፣ አሸዋው ከሥር የሚታይበት ውሃ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቆራረጠ ፓፓያ። ቦታው ማልዲቭስ ነው። ካፒቴኑ፣ ምግብ አብሳዩና አስተናጋጁ ያሉበትን ጀልባ ለራስህ ትከራያለህ፤ ሰባት ሌሊት ከደሴት ደሴት ትዞራለህ። «ኡስታዝ፣ ከኒካሑ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ልሄድ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ሐራም አለበት?» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መልእክት ጨመረ፦ «እናቴ ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ነው ያሳደገችኝ። ቪዲዮው ላይ ሳህን የሚያነሳውን ልጅ ሳየው ከበደኝ።»

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው። ገንዘቡ ሐላል ከሆነ፣ ወለድ ያለበት ብድር ካልተወሰደ፣ ሶላት ካልተዘነጋ፣ አላህ ባገራልን ባሕር ላይ ሄዶ ውበቱን ማየት ሙባሕ ነው። (አንድ ነገር ግን ልበል፦ ማልዲቭስ የሙስሊም አገር ብትሆንም ሪዞርቶችና ብዙ የቱሪስት ጀልባዎች ላይ አልኮል ይሸጣል። ሳትጠይቁ አትሳፈሩ።)

የከበደኝ ሁለተኛው መልእክት ነው። ሰው ለአገልግሎት ሲከፍል በትክክል የገዛው ምንድን ነው?

የጀልባውን ሥራ እስቲ አስቡት። ማልዲቭስ ወደ 1,200 የሚጠጉ ትናንሽ ደሴቶች ያሏት ስትሆን ሰው የሚኖርባቸው 200 አይሞሉም። በደሴቶቹ መካከል ውሃው ሥር የኮራል ቋጥኝ ተደብቋል። ካፒቴኑ መሣሪያ ቢኖረውም ዓይኑን ይተማመናል፦ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጥልቅ ነው፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ አሸዋው ቅርብ ነው፣ ቡናማ ሲሆን ቋጥኙ ደርሷል። ይህን ለማየት ፀሐይ ከፍ ማለት አለባት፤ ስለዚህም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት አይጓዙም፣ መልሕቅ ጥለው ያድራሉ። አንተ ስትነቃ ቁርሱ ቀርቧል። ያ ማለት ሌላ ሰው ካንተ ቀድሞ ተነስቷል ማለት ነው። አንተ ስትተኛ ደግሞ ሳህኑን የሚያጥብ አለ። በትልቅ ሆቴል ይህ ሰው በጓሮ በር ገብቶ በጓሮ በር ይወጣል። ጀልባ ላይ ግን ጓሮ የለም፤ ሠራተኛውን ሰባት ቀን ሙሉ ታየዋለህ። ለወንድማችን የከበደው ይህ ይመስለኛል፣ መክበዱም መልካም ነው።

ኢብን ባጡታ እ.ኤ.አ. በ1343 እነዚህ ደሴቶች ደርሶ ለወራት ቃዲ ሆኖ ሠርቷል። በጉዞ ማስታወሻው እንደሚነግረን፣ መርከብ ሲደርስ የደሴቱ ሰዎች በትናንሽ ጀልባዎች እየቀዘፉ ይወጡ ነበር። ጥሬ ኮኮናትና የታንቡል ቅጠል ይዘው እያንዳንዱ ከተሳፋሪው አንዱን ይመርጣል። ያ የተመረጠው ሰው እንግዳው ይሆናል፤ ዕቃውንም እንደ ዘመድ ተሸክሞ ቤቱ ይወስድለታል። ዛሬም በዚያው ባሕር ላይ ተሳፋሪው «እንግዳ» ተብሎ ይጠራል፤ የቱሪስት ሥራው እ.ኤ.አ. በ1972 ከተጀመረ ወዲህ ግን እንግዳውን የሚመርጠው ክፍያው ሆኗል። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ብዙ ቤተሰብ የሚያድረው በዚህ ሪዝቅ ነው። ነገር ግን የተገዛ መስተንግዶ አንድ አደጋ አለው፦ ለፈገግታውም የከፈልን ይመስለናል።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ አንዲት መርከብ ታገኛላችሁ። ኸድር (ዐ.ሰ) ቀዶ ያበላሻት መርከብ የመሳኪኖች እንደነበረች፣ እነሱም በባሕር ላይ የሚሠሩ እንደነበሩ ቁርኣን ይነግረናል። መድረሳ ሳለን ይህችን አያህ የቀራነው ለፊቅህ ክርክር ነበር። ሻፊዒዮች «መርከብ እያላቸው መሳኪን ከተባሉ፣ መስኪን ማለት ያለው የማይበቃው ነው፤ ከሱ የባሰው ፈቂር ነው» ይላሉ። ሐነፊዮች ይገለብጡታል። እኔ በዚያን ጊዜ ክርክሩን ሸምድጄ ሰዎቹን ረሳኋቸው። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ እነዚያ ባሕረኞች ኸድርን አውቀውት ሙሳንም (ዐ.ሰ) እሱንም ያለ ክፍያ ነው የጫኗቸው። ሙሳ የተቆጡትም አንዱ በዚህ ነው፤ በነፃ የጫኑንን ሰዎች መርከብ ትቀዳለህ ወይ ብለው። ሙሳ ተሳፋሪ ነበሩ፤ ያገለገሏቸውን ሰዎች ጉዳይ ግን የራሳቸው ጉዳይ አደረጉት።

«ልጁ እኮ ወዶ ነው የገባው፣ ደመወዝ አለው፣ እኛ ባንሄድ ሥራ ያጣል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ አገልጋይ ሲያስተምሩ በደመወዝ አላቆሙም። ምግብ አብስሎ ያመጣላችሁን ሰው አብሯችሁ ካላስቀመጣችሁት ቢያንስ አንድ ሁለት ጉርሻ ስጡት፤ የምግቡን ልፋት የቻለው እሱ ነውና ብለዋል። ደመወዙ ከዚህ በፊት ያለ ግዴታ ነው፤ ጉርሻው ከዚያ በላይ ነው። አነስ (ረ.ዐ) አሥር ዓመት ሲያገለግሏቸው አንድ ቀን እንኳ «ኡፍ» አላሏቸውም።

ማዘንም ቢሆን ልክ አለው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ግብዣ ላይ ትሕትና ያሳየሁ መስሎኝ ተነስቼ ሳህን መሰብሰብ ጀመርኩ። አስተናጋጁ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ እባክህ ተቀመጥ፤ በኔ ላይ ነው የሚቆጡት» አለኝ። አፈርኩ። ለካ የራሴን ልብ ለማስታገስ በሰው እንጀራ እየተጫወትኩ ነበር! ያ ካፒቴን በውሃ ቀለም ቋጥኝ የሚለይ ባለሙያ ነው፤ የኔ ከንፈር መምጠጥ ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ ለወንድማችን እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ ሂድ፣ ተደሰት። ከመክፈልህ በፊት ግን ሂሳቡ ላይ የሚጨመረው የአገልግሎት ክፍያ ለሠራተኞቹ ይደርስ እንደሆነ ጠይቅ። ስማቸውን እወቅ። አልጋህን የሚያነጥፈው ልጅ እናትህ ጅዳ ሳለች ሰዎች እንዴት እንዲያናግሯት ትመኝ እንደነበር አስታውሶ የሚያናግረው ሰው ያግኝ። ሌላም አለ። ሙሉ ጀልባውን የተከራየኸው አንተ ከሆንክ መንገዱን የምትወስነውም አንተ ነህ። ከሠራተኞቹ ሙስሊሞች ይኖራሉ። ጁሙዓ የት ነው የሚያገኛቸው? መንገደኛ ጁሙዓ ግዴታ እንደማይሆንበት አውቃለሁ። እነሱ ግን በዓመት ስንት ጁሙዓ መንገደኛ ናቸው?

ትናንት ማታ መልሶ ጻፈልኝ። በተላከለት የጉዞ ዕቅድ ዓርብ ቀትር ላይ ጀልባዋ ሰው በሌለበት ደሴት ለምሳ ትቆማለች። መስጂድ ያለበት ደሴት አጠገብ መልሕቅ እንዲጥሉ ጠይቋቸዋል። እስካሁን አልመለሱለትም።