ጥንቸልና ገበሬ፦ ጉዳትን የማስወገድ ወሰኑ የት ነው?

አንድ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ሰብል ዓይኑ እያየ በእንስሳት ሲበላበት እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ የሚል ጤነኛ ሕሊና የለም። ሰብሉ የልጆቹ ጉርስና የዕዳው መክፈያ ነው፤ ከምርቱ በሚወጣው ዘካም የድሃው ድርሻ አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ እንስሳቱም የአላህ ፍጥረታት ናቸው፤ ይርባቸዋል፣ ያማቸዋል፣ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። በእነዚህ ሁለት እውነቶች መካከል የቆመ ሰው «ልግደል ወይስ ልተው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይሁን እንጂ ከባዱ ጥያቄ ይህ አይደለም። ከባዱ ጥያቄ «በምን መንገድ?» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ በደል የሚገባው ዘዴው ሲመረጥ ነውና።

ለዚህ ጉዳይ ጥንቸል ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። በአገራችን በዱር የምናውቃት ጥንቸል ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ቁጥቋጦ ሥር ተሸሽጋ ትውላለች። እዚህ የምንነጋገርባት ግን የአውሮፓዋ ጥንቸል ናት። የትውልድ ምድሯ ስፔንና ፖርቱጋል ሲሆን፣ ከመሬት ሥር እርስ በርሱ የተያያዘ ጉድጓድ እየቆፈረች በመንደር ትኖራለች። እርግዝናዋ አንድ ወር ያህል ብቻ ነው፤ በዓመት ደጋግማ ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜም አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ልጆች ትጥላለች። ቡቃያውን ከሥሩ ትቆርጣለች፣ የችግኙን ልጥ ትልጣለች። አሥር ያህል ጥንቸሎች የአንድ በግ ግጦሽ ይጨርሳሉ ተብሎ ይገመታል።

ጥፋቱ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1859 ቶማስ ኦስቲን የተባለ ባለርስት በአውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያ ግዛት፣ ሁለት ደርዘን ያህል ጥንቸሎች በርስቱ ላይ ለቀቀ። ዓላማው ለአደን መዝናኛ እንዲሆኑት ነበር። በዚያ አገር እንዳይበዙ የሚያደርጋቸው በቂ ጠላት ስላልነበራቸው በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ የአህጉሩን ደቡባዊ ክፍል አለበሱት። የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት ከ1901 እስከ 1907 በአጠቃላይ ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም አጥር አሠራ፤ ነገር ግን አጥሩ ሳያልቅ ጥንቸሎቹ አልፈው ነበር። በ1950 አካባቢ ቁጥራቸው 600 ሚሊዮን ያህል ደርሶ እንደነበር ይገመታል።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ጥንቸሏ በመርከብ ተጭና የሄደችው በገዛ ፈቃዷ አይደለም። አላህ በፈጠራት ጠባይ በላች፣ ቆፈረች፣ ወለደች። ወሰን ያለፈው ሰው ነበር። ቁርኣን ነቢዩ ዳዉድና ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) በሌሊት በጎች በገቡበት እርሻ ጉዳይ ስለሰጡት ፍርድ ይነግረናል። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚተርኩት፣ የሱለይማን ፍርድ የበጎቹ ባለቤት እርሻውን እንደነበረ አድርጎ እስኪመልስ ባለእርሻው በበጎቹ እንዲጠቀም ነበር። ተጠያቂው ሰው ሆነ እንጂ በጎቹ አልተቀጡም። ጥንቸል ባለቤት የላትም፤ ስለዚህ ጉዳቷን የማስወገዱ ሸክም በሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ያም ቢሆን ሥራውን ስንጀምር እንደ ተበዳይ በቀለኛ ሳይሆን የራሱን ወገን ስሕተት እንደሚያርም ሰው መሆን ይገባናል። በበቀል የተነሣ ሰውና ለማረም የተነሣ ሰው የሚመርጡት ዘዴ አንድ አይሆንም።

ሁለቱ ጽንፎች

አንዳንድ ሰዎች ርኅራኄ ማለት ጨርሶ አለመግደል ነው ይላሉ። ይህ አባባል ለጆሮ ቢጥምም ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ነው። ገበሬው ዝም ባለ ቁጥር ጥንቸሎቹ ይበዛሉ፤ ድርቅ ሲመጣም ሣሩን ጨርሰው እነርሱም በረሃብ ያልቃሉ። ከእነርሱ ጋር በዚያው ሣር የሚኖሩ ሌሎች እንስሳትም ይጠፋሉ። ሸሪዓም ጎጂ እንስሳን መግደልን አልከለከለም። አይጥና ጊንጥን ጨምሮ አምስት ዓይነት ጎጂዎች በሐረም ክልል ውስጥ እንኳ እንዲገደሉ መፈቀዱ በሐዲስ የታወቀ ነው።

ሌሎች ደግሞ መግደል ከተፈቀደ በማንኛውም መንገድ ይፈቀዳል ብለው ያስባሉ። ይህ የከፋው ስሕተት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለእርድ የቀረበ እንስሳ እንኳ እንዳይሠቃይ ቢላዋው እንዲሳል አዘዋል፤ ሕያው እንስሳን የተኩስ ዒላማ ማድረግን ከልክለዋል። ከቀደሙት ነቢያት መካከል አንዱ አንዲት ጉንዳን ብትነክሳቸው የጉንዳኖቹን መንደር በሙሉ በማቃጠላቸው ከአላህ ዘንድ እንደተወቀሱም ነግረውናል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ንክሻው እውነተኛ ነበር፤ ምላሹ ግን ከጉዳቱ ወሰን አለፈ። የፊቅህ ሊቃውንትም ጉዳት መወገድ ያለበት ቢሆንም በእኩል ወይም በበለጠ ጉዳት መሆን እንደሌለበት ያስተምራሉ።

ግንብ ያላገደው በሽታ

ወሰን ማለፍ ምን እንደሚመስል ለመረዳት የሚክሶማቶሲስን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ይህ የቫይረስ በሽታ በደቡብ አሜሪካ ጥንቸሎች ላይ ቀላል ሲሆን፣ የአውሮፓዋን ጥንቸል ግን ይፈጃል። በትንኝና በቁንጫ ይተላለፋል። የታመመችው ጥንቸል ዓይኗና ፊቷ አብጦ ይደፈናል፤ ሳታይና ሳትበላ ቆይታ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ትሞታለች።

አውስትራሊያ በ1950 በሽታውን ለቀቀች። ለብዙ ዓመታት ጥናት ከተደረገበት በኋላ በመንግሥት ውሳኔ የተፈጸመ ነበር። በ1951 ሕዝቡ በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል ብሎ በፈራ ጊዜ በርኔት፣ ፌነርና ክሉኒስ ሮስ የተባሉት ሦስት ሳይንቲስቶች ቫይረሱን በራሳቸው ሰውነት ውስጥ አስወግተው ሰውን እንደማይጎዳ አሳዩ። ግጦሹ አገገመ፣ የሱፍ ምርትም ጨመረ። ስለ ጥንቸሏ ሥቃይ ግን ያን ያህል የተጨነቀ አልነበረም። ከዚያም ቫይረሱ እየለዘበ፣ ጥንቸሎቹም እየተቋቋሙት ሄዱ፤ ሌላ በሽታ መፈለግም ግድ ሆነ። በ1995 ሁለተኛው ቫይረስ በዋርዳንግ ደሴት ላይ ተከልሎ ሲሞከር ሳለ ሳይታሰብ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ዋናው ምድር ገባ።

በፈረንሳይ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1952 ፖል ፌሊክስ አርማን ደሊል የተባሉ ሐኪም በማዬብዋ በሚገኘው ርስታቸው ጥንቸል አስቸገራቸው። ርስቱ በግንብ የታጠረ ነበርና በሽታው ከግንቡ አይወጣም ብለው አሰቡ። ሁለት ጥንቸሎችን በቫይረሱ አስወግተው ለቀቁ። የርስታቸው ጥንቸሎች በሳምንታት ውስጥ አለቁ። በሽታው ግን በግንቡ ላይ አልፎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የፈረንሳይን የዱር ጥንቸሎች አብዛኛውን ክፍል ፈጀ። ድሃው ቤተሰብ ለምግብ በጓሮው የሚያረባቸውን ጥንቸሎችም አልማረም። በ1953 እንግሊዝ ገባ፤ ስፔንም ደረሰ። በስፔን ጥንቸል የአገሩ ተወላጅ ናት፤ ሊንክስ የተባለው የዱር ድመትና የአገሩ ንስር የሚኖሩት በእርሷ ነው። ይህና በኋላ የመጣው ሌላ የጥንቸል በሽታ ከአደንና ከመኖሪያ መጥበብ ጋር ተዳምረው ሊንክሱን በ2002 ወደ መቶ ገደማ አወረዱት። ከዚያ ወዲህ በብዙ ድካም አንሰራርቷል። ሐኪሙን በተመለከተ ፍርድ ቤት በገንዘብ ቀጣቸው፤ በኋላ ደግሞ ከደን ሥራ በኩል የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ። አንዱ ወገን ጥፋተኛ ሲላቸው ሌላው ባለውለታ አላቸው።

በእኛ አመለካከት የሐኪሙ ጥፋት ጥንቸል መግደላቸው አይደለም። በርስታቸው ላይ ሥልጣን ነበራቸው፤ በጎረቤታቸው ጓሮና በስፔን ተራራ ላይ ግን አልነበራቸውም። መልሰው ሊይዙት የማይችሉትን ነገር ለቀቁ። መሬት አማና ነው ስንል፣ የአማናው ወሰን እጃችን እስከሚደርስበት ድረስ ነው ማለታችን ነው። ከእጅ ካመለጠ በኋላ የማይመለስ ዘዴ የአንድ ሰው ንብረት ሊሆን አይችልም።

በኒው ዚላንድም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ1997 መንግሥት ከአውስትራሊያ ያመለጠውን ሁለተኛውን ቫይረስ ወደ አገር ላለማስገባት ወሰነ። ጥንቸል ያስመረራቸው ገበሬዎች በዚያው ዓመት በስውር አስገቡት፤ የሞቱ ጥንቸሎችን ሆድ ዕቃ በወጥ ቤት መፍጫ እየፈጩ በየመስኩ በተኑት። ምሬታቸው ይገባናል፤ እርሻቸው እየተራቆተ ነበር። ነገር ግን ባልተስተካከለ መንገድና ግልገሎች ባሉበት ወቅት የተበተነው በሽታ ብዙዎቹን ሳይገድል አለፈ፤ ግልገሎቹም በሽታውን እየተቋቋሙ አደጉ። ከሕግ ለማምለጥ የተጣደፈው እጅ ለራሱ እርሻም አልጠቀመም።

ዘዴው ሲመረጥ

ታዲያ ገበሬው ምን ያድርግ? የእንግሊዝ የ1954ቱ የተባይ ሕግ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይዟል። በአንድ በኩል መሬት የያዘ ሰው ጥንቸሎች የጎረቤቱን ሰብል እንዳያጠፉ የመቆጣጠር ግዴታ አለበት፤ በሌላ በኩል የታመመች ጥንቸል ተጠቅሞ ሚክሶማቶሲስን ሆን ብሎ ማዛመት ወንጀል ነው። ሥራህን ሥራ፤ ነገር ግን ወሰንህን አትለፍ እንደማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ዘዴ የሚመርጥ ሰው ራሱን አራት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው። አንደኛው፣ ሳልገድል ማስቀረት እችላለሁ ወይ? የሚል ነው። ቀዳዳው ከ31 ሚሊ ሜትር ያልሰፋ፣ የታችኛው ጠርዙ ጥንቸሎቹ ወደሚመጡበት አቅጣጫ ታጥፎ የተቀበረ የሽቦ አጥር ውድ ቢሆንም ቡቃያን ይጠብቃል። ሁለተኛው፣ ሞቱ ፈጣን ነው ወይ? ነው። ችሎታ ያለው ተኳሽ የሚጥላት ጥንቸልና በጥርሳም ወጥመድ እግሯ ተይዞ የምታድረው ጥንቸል አሟሟታቸው እኩል አይደለም፤ እንዲህ ያለው ወጥመድ በእንግሊዝ ከ1958 ጀምሮ ተከልክሏል። በጉድጓዱ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ለዚህ የሠለጠነ ትንሽ አውሬ በማስገባት ጥንቸሎቹን ማስወጣትም የቆየ ዘዴ ነው። በመረብ የተያዘችው ወዲያው ልትታረድ ትችላለች፤ ሥጋዋም አይባክንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በስጦታ የቀረበላቸውን የጥንቸል ሥጋ መቀበላቸው በሐዲስ ተዘግቧል።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ጊዜው ነው። እናቲቱ በምታጠባበት ወቅት ከተገደለች ዓይናቸውን ያልገለጡ ልጆቿ ከመሬት ሥር በረሃብ ይሞታሉ፤ ይህን ማንም አያየውም፣ ከአላህ በስተቀር። የመራቢያው ወቅት ከመጀመሩ በፊት፣ ቁጥራቸው አነስተኛ ሆኖ ሳለ መሥራት ግን ሥቃዩንም ድካሙንም ይቀንሳል።

አራተኛው ጥያቄ ብዙዎች የሚዘነጉት ነው፤ ሥራው ያልቃል ወይ? በየዓመቱ ጥቂት መርዝ በትኖ፣ ጥቂት ተኩሶ ጉድጓዶቹን እንደነበሩ የሚተው ገበሬ ርኅሩኅ ይመስላል። የተረፉት ግን በዚያው ጉድጓድ ይራባሉ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ግድያው እንደገና ይጀመራል። ጥንቸሎቹ አስቀድመው ከቀነሱ በኋላ መንደሩን በትራክተር በጥልቀት አርሶ ማፍረስና ተመልሰው የሚቆፍሩትን መከታተል ከባድ ሥራ ነው፤ በአሥር ዓመት ውስጥ የሚገደለው እንስሳ ቁጥር ግን በእጅጉ ያነሰ ይሆናል። አንዳንዴ ርኅራኄ የሚገለጸው ሥራን ከዳር በማድረስ ነው። ሰነፍ እጅ ሲራራ ጭካኔውን በየዓመቱ ይከፋፍለዋል እንጂ አያስቀረውም።

ውድ አንባቢያን፣ በአገራችን ከጥንቸል ይልቅ ዝንጀሮ፣ ጃርትና ግሪሳ ወፍ ገበሬውን ያስለቅሳሉ። እንስሳው ቢለያይም ሚዛኑ አንድ ነው። ማማ ላይ ተቀምጦ በወንጭፍ የሚጠብቀው እረኛና በምንጭ አጠገብ መርዝ የሚያስቀምጠው ሰው ሁለቱም ሰብላቸውን ለማዳን ተነሥተዋል። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲወረውር የት እንደሚያርፍ ያያል፤ ሁለተኛው ግን ከዚያ ውኃ ነገ ማን እንደሚጠጣ አያውቅም። መከላከል መብታችን ነው፤ ከወሰናችን አልፎ ለሚደርሰው ጥፋት ግን ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።

ወላሁ አዕለም።