ዐይን በጠመንጃ ላይ ወይስ በራስ ላይ?

ከጥቂት ወራት በፊት፥ ቀድሞ ሂሳብ ያስተማርሁት አንድ ልጅ ከቴክሳስ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ልጅ ማለቴ በመምህርነት ልማድ ነው እንጂ እርሱ ራሱ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው። እንደ ነገረኝ ቅዳሜ ማታ ከሥራ ባልንጀሮቹ ጋራ ወደ አንድ ገበሬ እርሻ እየሄደ፥ በባለ መሬቱ ፈቃድ፥ ሰብል የሚያጠፉትን የዱር አሳማዎች ይገድላል። አሳማዎቹ ቀን ተደብቀው ሌሊት የሚወጡ ስለ ሆኑ በጨለማ የሚያሳይ የሙቀት መነጽር ሊገዛ አስቧል። «ጋሼ» ይለኛል፥ «አንደኛው ዓይነት በጠመንጃው ማነጣጠሪያ ፊት የሚገጠም ነው፤ ክሊፕ ኦን ይሉታል። ሁለተኛው በራስ ቁር ላይ ታስሮ በዐይን ፊት የሚወርድ ነው። ሁለቱንም ለመግዛት አቅም የለኝም። እርስዎ ነገር አመዛዝነው ይፈርዱልን ነበርና የቱ እንደሚሻል ይጻፉልኝ።»

እኔ ዕድሜዬን ከጠመንጃ ይልቅ ጠመኔ ይዤ የኖርሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ይህስ ለነጋዴ እንጂ ለጡረተኛ መምህር የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም ብዬ ስቄ ደብዳቤውን አጥፌ አስቀመጥሁት። ማታ መልሼ ሳነበው ግን ከስሙ በላይ የተጻፈችውን አንዲት ዐረፍተ ነገር አስተዋልሁ። «ባለፈው ሳምንት ከባልንጀራዬ የተዋስሁትን መነጽር ጠመንጃዬ ላይ ገጥሜ ሜዳውን ስቃኝ፥ በማነጣጠሪያው መስቀል መካከል የቆመው ሰው ሆኖ አገኘሁት፤ የገበሬው ልጅ ነበር።» ከዚህ በኋላ ሰላምታ ብቻ ነው። ጠያቂ ብዙ ጊዜ ዋናውን ነገር በጥያቄው ጅራት ላይ ያስቀምጣል፤ ይህን በክፍል ውስጥ በብዙ ዓመት ተምሬዋለሁ።

የመሣሪያውን ጠባይ ሳያውቁ መፍረድ ድፍረት ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ፊዚክስ ያስተምር የነበረውን ባልንጀራዬን ጠየቅሁ። የነገሩ ሥር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ 1800 ዓ.ም. ይወስደናል። ዊልያም ሄርሼል የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ የየቀለሙን ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ፥ ከቀዩ ቀለም ወዲያ፥ ዐይን ምንም በማያይበት ስፍራ፥ ቴርሞሜትሩ ከሁሉ ይልቅ ከፍ ብሎ አገኘው። ይህ የማይታይ ጨረር ኢንፍራሬድ ይባላል። ነፍስ ያለውም የሌለውም ነገር ሁሉ እንደ ሙቀቱ መጠን ከገላው ይህን ጨረር ያወጣል። የዛሬው መነጽር ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር የሚሆነውን ሞገድ በጥቃቅን ሙቀት ለኪዎች ላይ ይቀበላል፤ ለኪዎቹም በተለመዱት መነጽሮች 384 በ288 ወይም 640 በ512 ሆነው የተደረደሩ ናቸው። ከአንድ ዲግሪ ሃያኛ እጅ ያነሰ ልዩነት እንኳ ስለሚለዩ፥ በሜዳ የተኛች ጥንቸል በጨለማ እንደ ፍም ትታያለች። ጨረቃም ኮከብም አያስፈልግም። መስተዋት ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ የመነጽሩ ሌንስ ጀርማኒየም ከተባለ ንጥረ ነገር ይሠራል፤ በመስኮት መስተዋት ውስጥም አሻግሮ ለማየት አይቻልም። ፍጡርም ይህን ጥበብ ከእኛ አስቀድሞ ይዞታል፤ በዚያው በቴክሳስ የሚኖረው ጅራቱን የሚያንኳኳው እባብ በዐይኑና በአፍንጫው መካከል ባለችው ጕድጓድ የአይጧን ሙቀት እያወቀ በጨለማ ይነድፋታል።

እንግዲህ ሁለቱን ላነጻጽር። በጠመንጃ ላይ የሚገጠመው ትልቅ ጥቅም አለው። ሰውየው የለመደውን የቀን ማነጣጠሪያ ሳይነቅል፥ የተስተካከለውንም ዒላማ ሳያናጋ፥ ከፊቱ ጨምሮ ማታ ይሠራበታል፤ የቀኑ መነጽር ስለሚያቀርብም ራቅ ያለውን ነገር ምን እንደ ሆነ ለመለየት ይረዳል። ይሁን እንጂ ማቅረቡ ልክ አለው፤ ከመጠን ሲያልፍ የትንሿን ስክሪን ነጥቦች ያሳድጋል እንጂ አዲስ ነገር አይገልጥም። በራስ ቁር ላይ የሚታሰረው ደግሞ ነገሩን ሳያቀርብና ሳያርቅ ሜዳውን በሰፊው ያሳያል፤ ሁለቱንም እጅ ነጻ ይተዋል። ነገር ግን አንገት ያደክማል፤ በአንድ ዐይን ብቻ ስለሚያዩበት የርቀት ግምት ይሳሳታል፤ ጕድጓድና የሽቦ አጥርም ሙቀታቸው ከአካባቢው ጋራ ሲተካከል ስለማይታዩ የሚራመደውን ሰው ይጥሉታል። ሩቅ ያለውም እንስሳ በእርሱ ሲታይ አንዲት የብርሃን ነቍጥ ብቻ ነው።

ነጋዴ ቢሆን ኖሮ በዚህ ያቆም ነበር። የእኔ ነገር ግን ከዚህ ይጀምራል።

በጠመንጃ ላይ የተገጠመ መነጽር ጠመንጃው ወዳልዞረበት ለማየት አይችልም። ሜዳውን ለመቃኘት የሚፈልግ ሰው አፈሙዙን በሜዳው ሁሉ ላይ ማዞር አለበት። «ያ ምንድር ነው?» ብሎ የሚጠይቀው በጥይት ጫፍ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ አስቀድሞ የሚማራት ሕግ ግን ልትገድለው በማትፈቅደው ነገር ላይ አፈሙዝህን አታዙር የምትል ናት። የእኔ ተማሪ ይህን ሕግ ያፈረሰው በክፋት አይደለም፤ ለማየት ስለ ፈለገ ብቻ ነው። ክፉ ሰው ሳይሆን፥ ተቆጥቶም ሳይሆን፥ ለማወቅ ሲል ብቻ በአንድ ብላቴና ደረት ላይ ሞትን አነጣጠረ። ጣቱ ከቃታው ውጭ እንደ ነበረ አምናለሁ። ነገር ግን አሪስቶትል እንዳስተማረ ሰው በጎነትን የሚያገኘው በመሥራትና በመልመድ ነው፤ ክፉውም ልማድ የሚገባው በዚያው በር ነው። ዛሬ ለማየት ብቻ ያነጣጠረ እጅ በመቶኛው ሌሊት ማየትንና መተኮስን እንደ አንድ ሥራ ይቈጥራቸዋል።

ሙቀት ደግሞ ስም የለውም። መምህር ነበርሁና ምሳሌ ከሰሌዳ ላይ ላምጣ። «አዳኝ» ብዬ ብጽፍ አንባቢው የዱር አውሬ ገዳዩን ይሁን ወይስ ከሞት የሚያተርፈውን ከፊደሉ ሊለይ አይችልም፤ በጽሕፈት አንድ ናቸው፥ በንባብ ግን አንዱ ይጠብቃል አንዱ ይላላል። የሚለየው የቀረውን ዐረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ነው። በሙቀት መነጽር የሚታየውም ነጭ ቅርጽ እንደዚሁ ነው። ጐንበስ ያለ ሰውና አሳማ፥ ጥጃና ውሻ፥ ከሩቅ አንድ ፊደል ናቸው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ቆይቶ አካሄዱን ላነበበ ነው። ጭጋግና ዝናብ ሲጨመር ፊደሉም ይደበዝዛል።

በግዕዝ የተጻፈው ገድለ አዳም ስለ ላሜሕ የሚተርከውን የቤተ ክርስቲያን ልጆች ታውቁታላችሁ። ላሜሕ ዐይኑ የጠፋ ሰው ነበር፤ የሚመራው አንድ ወጣት እረኛ ነበረ። እረኛው ከሩቅ የሚንቀሳቀስ ነገር አይቶ አውሬ ወይም ወንበዴ መጣ ብሎ ነገረው፤ ላሜሕም በተነገረው መሠረት ቀስቱን ወረወረ፥ ድንጋይም ወነጨፈ፤ የሞተው ግን ቃየል ሆኖ ተገኘ። ልጅ ሳለሁ በዚህ ታሪክ የሚያስደንቀኝ የዕውሩ ጕዳይ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ዕውሩስ አያይም፤ ጥፋቱ የመጣው ከሚያየው ነው። እረኛው መንቀሳቀሱን አየ፥ ማንነቱን አላየም፥ ቢሆንም ተናገረ።

የእኛም አገር ሌሊት ይህን ያውቃል። በልጅነቴ ከአጎቴ ጋራ ማማ ላይ አድሬ በቆሎ ጠብቄአለሁ። አንድ ሌሊት አጎቴ በእርሻው ዳር ጥቁር ነገር ሲንቀሳቀስ አይቶ ከርከሮ መስሎት ተኰሰ። ሲነጋ ከሥሩ የተጋደመችው የአንዲት ባልቴት ጊደር ነበረች። ከሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ «ስትንቀሳቀስ አይቼ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም። ዋጋዋን ከፈለ። ከዚያ ወዲያ ግን ጠመንጃውን ሳያነሣ አስቀድሞ «ማነህ?» ብሎ ይጣራ ጀመር። ከርከሮው ድምፁን ሰምቶ ይሸሻል፤ ጐረቤቶቹም «አውሬውን ስሙን ጠይቆ የሚገድል» እያሉ ይሥቁበት ነበር። እስኪሞት ድረስ ይህን ልማዱን አልተወም፤ የገደለው ከርከሮም እጅግ ጥቂት ነው።

ተማሪዬ ለአደኑ የሰጠውን ምክንያት አልነቅፍም። በአሜሪካ አሳማ የአገሩ ፍጡር አይደለም፤ እስጳንያዊው ሄርናንዶ ዴ ሶቶ በ1539 ዓ.ም. ወደ ፍሎሪዳ ሲሻገር አሳማ ይዞ ገባ፥ ከእርሱም ሌላ የመጡ አሉ። ከበረት ያመለጡት በዱር ተባዝተው መሬት እየማሱ የገበሬውን ድካም ያጠፋሉ። ስለዚህም የቴክሳስ ሕግ ከ2019 ወዲህ በባለ መሬቱ ፈቃድ በግል መሬት ላይ የዱር አሳማ ለሚገድል ሰው የአደን ፈቃድ አይጠይቀውም። ጥያቄው ማንን ትገድላለህ አይደለም፤ ከመግደልህ በፊት እንዴት ታያለህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ለራሴ ሐሳብ የማይመች ነገር አለ፤ ልሸሽገው አልወድም። በራስ ላይ የሚታሰረው «አንድ ነገር አለ» ይላል እንጂ «ይህ እገሌ ነው» አይልም። አጥርቶ የሚለየው ያ በጠመንጃው ላይ ያለው፥ የሚያቀርበው ነው። ታዲያ ማንነቱን በተሻለ የሚያሳየውን ትተህ ነቍጥ ብቻ የሚያሳየውን ግዛ ማለት እንዴት ይሆናል? በዚህ ነገር ሁለት ሌሊት አሰብሁ። መልሴ ይህ ነው፤ ነቍጥ ያየ ሰው አለማወቁን ያውቃል። ሁለቱንም እጁን ይዞ ይቆማል፥ ይጠብቃል፥ ይቀርባል፥ መብራት ያበራል ወይም ይጣራል። በጠመንጃው የሚያየው ግን ያወቀ ሲመስለው በዚያው ቅጽበት ለመተኰስ ተዘጋጅቷል፤ በማወቁና በመተኰሱ መካከል ለሕሊና የቀረችው ቦታ ከጣት ወርድ አትበልጥም። ወታደሮች ከሌላው የሌሊት መነጽር ጋራ የሚጠቀሙበት የማይታይ የሌዘር ጨረር እንኳ በሙቀት መነጽር አይታይም፤ ስለዚህ በራሱ ላይ ያሰረው ሰው ያየውን ለመምታት ሌላ ሥራ መሥራት፥ ጊዜም ማጥፋት ግድ ይሆንበታል። ሻጮች ይህን ጕድለት ይሉታል። እኔ ግን ያቺን ጊዜ ገዝቼም ቢሆን እፈልጋታለሁ።

ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ተማሪዬ በጥያቄው ውስጥ አላስገባውም። በእጅ የሚያዝ፥ በአንገት የሚንጠለጠል የሙቀት መነጽር ይሸጣል፤ ብዙዎቹም ያቀርባሉ። ክሊፕ ኦኑም ቢሆን አንዳንዱ ከጠመንጃው ተነቅሎ በእጅ ሊታይበት ይችላል። እንደዚህ ያለውን የገዛ ሰው በእጁ ቃኝቶ፥ ሰው አለመሆኑን አረጋግጦ፥ ኋላ ቢገጥመው ከእኔ ነቀፋ የለበትም። ግን በጨለማ፥ በብርድ፥ አሳማው ሊሸሽ ሲል፥ መንቀልና መግጠም የሚታገሥ ስንት ሰው ነው? እኔ ራሴ መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ሰልችቶኝ በጭጋጉ ውስጥ የማነብ ሰው ነኝ።

በራስ ላይ የሚታሰረውንም ንጹሕ አላደርገውም። ፕላቶ በሪፑብሊክ መጽሐፉ በሁለተኛው ክፍል፥ ቀለበቱን ሲያዞር ከሰው ዐይን ስለሚሰወረው እረኛ የተረከው ለዚህ ዘመን የተጻፈ ይመስላል። ራሱ ሳይታይ ሌላውን የሚያይ ሰው አሳማውን ጨርሶ ሲያበቃ ወደ ጐረቤት ግቢ ዘወር ማለት ያምረዋል። ግድግዳውና መስኮቱ ይከለክሉታል፤ አጥርና ጓሮ ግን አይከለክሉትም። ይህ ሌላ ፈተና ነው፤ ነገር ግን ሰው የማይሞትበት ፈተና ስለ ሆነ ከሁለቱ ይህን መርጬ ጻፍሁለት።

መልሱ በቅርቡ መጣ። በራስ ቁር ላይ የሚታሰረውን ገዝቷል። «ጋሼ፥ የቴክሳስ አሳማ አማርኛ አይሰማም እንጂ እንደ አጎትዎ ማነህ እል ነበር» ብሎ ቀልዶብኛል። በመጀመሪያው ሌሊት ምንም አልገደለም፤ ግልገሎቿን ያስከተለች እናት አሳማ አይቶ፥ ተነሥታ ከሄደችም በኋላ የተኛችበት ሣር ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲጠፋ ተመልክቶ ተመለሰ። ከታች ግን እንደ ልማዱ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨምሯል። «ስለዚያ ምሽት ለገበሬው እስካሁን አልነገርሁትም። ልጁም አያውቅም። መንገር አለብኝን?»

ለዚህኛው መልሴ አጭር ነበር፤ መሬቱን ያመነህ ሰው ነውና ነገ ሳትል ንገረው፥ ዳግመኛ አትምጣ ቢልህም ተቀበል ብዬ ጻፍሁለት። ደብዳቤውን ከላክሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።