የሰማህ ላልሰማ አሰማ

በቀድሞ ዘመን ዐዋጅ ነጋሪ ነጋሪት አስጐስሞ የመንግሥትን ቃል ለሕዝብ በሚያስታውቅበት ጊዜ፣ ንግግሩን የሚጀምረው «ስማ፣ ስማ፤ ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» በማለት ነበር። ይህ አነጋገር የዐዋጅ መክፈቻ ልማድ ብቻ መስሎ ይታለፋል እንጂ፣ ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ሥርዐት ያለው ትምህርት ነው። መጀመሪያ መስማትን ያዝዛል፤ ቀጥሎ ማሰማትን ያዝዛል። ሳይሰማ እንዲያሰማ ግን ለማንም አልፈቀደም።

እኔም በዚህ ጽሑፍ ይህን የዐዋጅ ቃል ትንሽ ወደሚመስል ጉዳይ ላመጣው እወዳለሁ። ጉዳዩም የዘፈን ወዳጆች «ይህን ሸክላ ስማው፤ ይህ አልበም እንዳያመልጥህ» እየተባባሉ የሚዋዋሱት ነገርና፣ ከሰሙም በኋላ «እንዴት ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ የሚሰጡት ምላሽ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ጨዋታ ይቈጥረዋል። በእኔ አስተያየት ግን በውስጡ የእውነትና የሐሰት፣ የወዳጅነትና የይሉኝታ ጥያቄ አለበት። ወዳጄ የወደደውን ዘፈን አውሶኝ ምላሼን ሲጠብቅ ያለብኝ ዕዳ ምንድር ነው? እርሱን ደስ ማሰኘት ነውን? ወይስ እውነቱን መንገር?

በአገራችን ዘፈን የመዋዋስ ልማድ ከሸክላና ከካሴት ታሪክ ጋር አብሮ አድጓል። ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ሳለ፣ አቶ አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. በድፍረት የራሳቸውን የሸክላ ድርጅት አቋቋሙ። ከመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቻቸው መካከል የአለማየሁ እሸቴ ዘፈን ይገኝበታል። ድርጅቱ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በቈየባቸው ጥቂት ዓመታት ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎችንና ጥቂት ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። በዚያን ጊዜ የሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ብዙ ስላልነበረ፣ አንድ ሰው የገዛውን ሸክላ ብዙ ጆሮ ይካፈለው ነበር። በኋላም ካሴት ሸክላን ተክቶ በመጣ ጊዜ፣ በቤት ውስጥ ሊቀዳ የሚችል፣ በኪስም የሚያዝ ስለ ሆነ፣ ዘፈን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአውቶቡስ ጎንደር፣ ከጎንደርም ዳባትና ደባርቅ ለመድረስ ቀላል ሆነለት። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚጓዘው ግን በወዳጅ እጅ ነበር።

ከላይ ያነሣሁትን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በራሴ ጥፋት ተማርሁት እንጂ። በ1986 ዓ.ም. ገና ወጣት መምህር ሳለሁ ደባርቅ ተመድቤ እሠራ ነበር። ደባርቅ በሰሜን ተራሮች በር ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት፤ ከጎንደር ወደ አክሱም የሚወስደው መንገድ በእርስዋ በኩል አልፎ የሊማሊሞን ቍልቍለት ይወርዳል። ማታ ማታ ከብርዱ ሸሽቶ በቤቱ ለሚቀመጥ መምህር፣ ከመጽሐፍ ቀጥሎ መጽናኛው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ነበር። ስለዚህ ካሴት እንዋዋስ ነበር። የጥላሁን ገሠሠን የሰጠ የማሕሙድ አሕመድን ይወስዳል፤ የጎንደር ተወላጅዋን የአስቴር አወቀን የተዋሰ ሲመልስ አስተያየቱን ይጨምራል። በሻይ ሰዓት የምንከራከርበትም ነገር ይኸው ነበር።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡን አንድ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። አንድ ቀን ካሴት ሰጡኝና «እስኪ ይህን አዳምጠውና ምን እንዳልኸው ትነግረኛለህ» አሉኝ። በፊተኛው ገጽ የታወቁ የከተማ ዘፋኞች ነበሩበት፤ እርሱን ሰማሁ። ኋለኛውን ገጽ ግን ሳልገለብጠው ቀረሁ። የባትሪው ድንጋይ ደክሞ ነበር ብዬ ራሴን ላጽናና እችል ነበር፤ እውነቱ ግን ቸልተኝነት ነው። በሳምንቱ ካሴቱን ስመልስ፣

«እህ፣ ሰማኸው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሰማሁት እንጂ ጋሼ፤ እጅግ ግሩም ነው» አልሁ።

«ሁለቱንም ገጽ?»

«ሁለቱንም።»

«ከሁሉ የቱ ጣመህ?»

«ሁሉም ነው ጋሼ፤ የሚጣል የለበትም» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ከጠበቁኝ በኋላ «ደግ ነው» አሉና ካሴቱን ኪሳቸው ከተቱት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሬ፣ ለመሄድ በምሰነባበትበት ሰሞን፣ በራስ ደጀን ግርጌ ከምትገኘው ከአምቢኮ የመጣ ሰው የአንድ ሽማግሌ አዝማሪን ሞት አወራልን። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና «ድምፁ እኮ በእጄ ነበር» አሉ። ነገሩ እንዲህ ኖሯል። ከዓመታት በፊት በጥር ወር ለሰርግ ተጠርተው፣ ከደባርቅ በእግርና በበቅሎ ቀናት ተጕዘው፣ ቧሒትን ተሻግረው፣ የመሸሃን ወንዝም አቋርጠው አምቢኮ በደረሱ ጊዜ፣ ያ አዝማሪ በመሰንቆው ሲዘፍን ሰምተው ይዘውት በሄዱት ቴፕ ቀድተውት ነበር። የቀዱትም እኔ ባልገለበጥሁት በዚያ ካሴት በኋለኛው ገጽ ላይ ነው።

«ታዲያ ካሴቱ የት አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አዲስ ዘፈን ከጎንደር መጣና ቀዳሁበት» አሉ። «አንተ ከተማ ያየህ፣ ብዙ የሰማህ ሰው ነህ ብዬ አስተያየትህን ጠብቄ ነበር። ስለዚያ ሽማግሌ አንዲት ቃል ሳትናገር ስትቀር፣ ለእኔ ብቻ የጣመኝ መሰለኝ።»

በአነጋገራቸው ቍጣ አልነበረበትም፤ ባይቈጡኝም ባሰብኝ። ያን ጊዜ እንኳ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ኋለኛውን ገጽ አልሰማሁትም ነበር» ብዬ ለመናገር ድፍረት አጣሁ። ሳልነግራቸውም ተለያየን።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲመለከትልኝ የምወደው አንድ ነገር አለ። እኔ ዘፈኑን አልነቀፍሁም፤ አመሰገንሁ እንጂ። ነገር ግን ሳይሰሙ ማመስገን ሳይሰሙ ከመንቀፍ የተሻለ አይደለም፤ እንዲያውም ሳይከፋ አይቀርም። ሳይሰማ የነቀፈ ሰው ክርክር ያስነሣል፤ ክርክሩም ካሴቱን ዳግመኛ ያስከፍታል። ሳይሰማ ያመሰገነ ግን ነገሩን ዘግቶት ይሄዳል። «ሁሉም ግሩም ነው» ማለት ሁሉን ማክበር ይመስላል፤ ሥራው ግን ሁሉን እኩል መርሳት ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ምሳሌም አለን። እ.ኤ.አ. በ1975 የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በካይፋ ሪከርድስ በትልቅ ሸክላ ታትሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ፣ አንድ ወዳጁ ባሰማው ሸክላ አማካይነት ከማሕሙድ ድምፅ ጋር ተዋወቀ። ሰምቶም «ደስ ይላል» ብሎ አልተወውም። በካሴት እየቀዳ ሙዚቃ ለሚያውቁ ወዳጆቹና ለጋዜጠኞች ላከላቸው፤ ምን እንደ ሆነ፣ ከወዴት እንደ መጣ፣ እነርሱም ምን እንደሚሉት ጠየቃቸው። ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1986 የማሕሙድ ዘፈን በብራስልስ ታትሞ ለአውሮፓ ጆሮ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮም «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ስብስብ በፓሪስ ይታተም ዠመር። የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ የያዘው አራተኛው ቅጽ ጂም ጃርሙሽ ከተባለው አሜሪካዊ የፊልም ሠሪ ጆሮ ገባ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ ተጠቀመበት። በዚያ ፊልም ትውልዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ጎረቤት፣ መንገድ ለሚወጣ ወዳጁ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የተቀዳበት ሲዲ ስንቅ አድርጎ ይሰጠዋል። ከአንዱ ወዳጅ ለአንዱ ወዳጅ ተብሎ የተጀመረው ነገር ይህን ያህል ርቆ ሄደ። እንግዲህ አንዱ ሰው አንድ ሸክላ በሚገባ ስለ ሰማ ብዙ ድምፅ ከመረሳት ዳነ፤ ሌላው ሰው አንድ ካሴት ስላልገለበጠ አንድ ድምፅ ጠፋ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዕውቀት አይደለም፤ ፋልሴቶ የዘፈኑን ቋንቋ አያውቅም ነበር፤ እኔ ግን ዐውቀዋለሁ።

የመስማትን ነገር ከባዕድ መማር ግን አያስፈልገንም። በአዝማሪ ዘንድ ግጥም ሊሰጥ የወደደ አድማጭ «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪውም ግጥሙን ከሰጪው አፍ ሰምቶ፣ በመሰንቆው እያጀበ መልሶ ያሰማዋል። ያልሰማውን መመለስ አይችልም፤ ቃሉን ቢያዛባ ቤቱ ሁሉ ያውቅበታል። ስለዚህ በአዝማሪ ሥርዐት መቀበል ማለት በእጅ መውሰድ አይደለም፤ የሰሙትን ለሰጪው መልሶ ማሰማት ነው። በቅኔ ማኅበርም እንደዚሁ ነው፤ ሰሙን ብቻ ይዞ ወርቁን ያላገኘ ሰው ከሌሎች ጋር «ይበል! ይበል!» ቢል፣ ምስጋናው ለባለቅኔው ክብር አይሆነውም። እኔ ከጋሼ ካሴቱን ወሰድሁ እንጂ አልተቀበልሁም።

በዚህ ነገር የማይስማሙ ሰዎች ሁለት መቃወሚያ ያቀርቡ ይሆናል። አንደኛው «ይሉኝታ የአኗኗራችን ጌጥ ነው፤ ወዳጅ ወዳጁን በእውነት ስም ማስከፋት የለበትም» የሚል ነው። ይሉኝታ በስፍራው ጌጥ መሆኑን እኔም አልክድም። እንግዳ ሆኖ የሄደ ሰው ወጡ ጨው ቢበዛበት ዝም ብሎ መብላቱ ጨዋነት ነው፤ ባለቤቲቱ ለማክበር እንጂ ለመመርመር አልጠራችውምና። ዘፈን ያዋሰ ሰው ግን የጠየቀው ምስጋና አይደለም፤ ጆሮ ነው። የወደደውን ነገር ሲሰጠን «እኔ ብቻዬን ነኝን? ወይስ ሌላም ሰው ይህን ይሰማል?» እያለ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሐሰት ምስጋና መስጠት፣ እንጀራ ለለመነ ሰው ባዶ መሶብ ከፍቶ «ብላ» እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ «የጆሮ ጣዕም አያከራክርም፤ ትዝታን የሚወድ ባቲን፣ አምባሰልን የሚወድ አንቺ ሆዬን ላይወድ ይችላል» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን መውደድና መስማት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። መውደድ በሰው ፈቃድ ሥር አይደለም፤ ስለዚህ ማንም «ለምን አልወደድህም?» ተብሎ ሊወቀስ አይገባም። መስማት ግን በፈቃዳችን ሥር ነው፤ ዕዳ የሚሆንብንም እርሱ ነው። «ድምፁ ለእኔ ከበደኝ፤ ነገር ግን መሰንቆው ብቻውን የቀረበት ስፍራ ልቤን ያዘው» ብሎ የመለሰ ሰው፣ ባይወድ እንኳ ዕዳውን ከፍሏል። እንዲህ ያለ ምላሽ የሚያስቀይም መስሎን እንፈራለን፤ እኔ ያየሁት ግን ሰው የሚቀየመው ባለመሰማቱ እንጂ ባለመመስገኑ አይደለም።

ዛሬ ካሴት ከገበያ ወጥቷል፤ ዘፈን በእጅ ስልክ በቅጽበት ይላካል። ቀድሞ አንድ ካሴት ለማዋስ አንድ መንገድ መሄድ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን አንድ ተማሪ ባንድ ምሽት ዐሥር ዘፈን ለሃያ ወዳጆቹ ሊልክ ይችላል። የላከው ራሱ ጨርሶ አልሰማው ይሆናል፤ የተቀበለውም ሳይከፍተው የእሳት ወይም የልብ ምልክት ይመልስለታል። በዚህ ዐይነት ያልሰማ ላልሰማ እያሰማ፣ ያልሰማም ያልሰማውን እያመሰገነ ይኖራል። ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ እኔ ይህን ጥፋት በባትሪ ድንጋይ ዘመን ሠርቼዋለሁና። መሣሪያው ያደረገው ነገር ቢኖር ጥፋቱን ማቅለሉ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ብንጠብቅ መልካም ይመስለኛል። መጀመሪያ፣ ራሳችን እስከ መጨረሻው ያልሰማነውንና ያልወደድነውን ዐዋቂ ለመምሰል ብለን ለሌላ አናሰማ። ሁለተኛ፣ የተሰጠንን ስንመልስ ከፍርዳችን በፊት የሰማነውን እንናገር፤ ጊዜ አጥተን ካልሰማንም «ገና አልሰማሁትም» ማለት ነውር አይደለም። ሦስተኛ፣ መዋዋስና አባዝቶ መሸጥ ልዩ ልዩ መሆናቸውን አንርሳ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410 የድካሙን ዋጋ ለባለሙያው ይጠብቅለታልና፣ ዘፈኑን በእውነት የወደደ ሰው ዘፋኙን ሊጐዳ አይገባውም።

ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያ ሽማግሌ አዝማሪ በዚያ ሰርግ ምን እንደ ዘፈነ፣ ድምፁ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ልነግራችሁ አልችልም፤ ካሴቱ አንድ ሳምንት ሙሉ በጠረጴዛዬ ላይ ሳለ አልገለበጥሁትምና። በአፌ ልናገረው ያፈርሁትን አሁን በጽሑፍ ተናገርሁ፤ ለእርሳቸው ግን አይደርሳቸውም። አንባቢ ሆይ፣ ሳትሰማ ያመሰገንኸው ዘፈን ቢኖርብህ፣ ያዋሰህ ሰው በሕይወት ሳለ ተመልሰህ ሂድና ዳግመኛ ተዋሰው።