የእግር ድካምና የልብ መንገድ

ሰው ወደ ተቀደሰ ስፍራ በእግሩ ሲጓዝ ዋጋው በድካሙ ልክ ነውን? ወይስ ድካም ሌላ፣ ጽድቅ ሌላ ነው?

ከገሱባ ተነሥቶ በሶዶ በኩል ዝቋላ አቦን ለመሳለም በእግሩ የሚሄድ ምእመን መንገዱ ብዙ ቀን ይፈጅበታል። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል የሚሰበሰበው ሕዝብ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ተራራ ወጥቶ በአናቱ ላይ ያለውን ሐይቅ ባየ ጊዜ ድካሙን ይረሳል።

ነገር ግን በሂማላያ ተራሮች፣ በኔፓል አገር፣ 4,380 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ወደ ጎሳይንኩንዳ ሐይቅ የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች ቀናት ተጉዘው ይወጣሉ፤ አገር ጎብኚውም በዚያው መንገድ ይደክማል። እንግዲህ ድካም ለሁሉ አንድ ከሆነ፣ ተሳላሚውን ከተመልካቹ የሚለየው የተነሣበት አሳብ ነው።

ይህም ሲባል ድካም ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ባለጸጋውና ድኃው በአንድ አቀበት ሲያልባቸው ትዕቢት ይበርዳል፤ ስንቅ ለመካፈል እጅ ይፈታል፤ ሥጋም ለነፍስ መታዘዝን ይለማመዳል። ይህ ፍሬ ያልታየበት ጉዞ ግን የእግር ሥራ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለት አለብኝ ብሎ የታመመች እናቱን ያለ አስታማሚ ጥሎ የሚወጣ ሰውስ ወዴት ይደርሳል? በኢያሪኮ መንገድ ቁስለኛውን አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊም መንገደኞች ነበሩ። ስለቱ ለከርሞ ይቆያል፤ የእናት ሕመም ግን ቀጠሮ አይቀበልም።

ስለዚህ መሄድ የሚቻለው በትሕትና ይሂድ፤ ተሳልሞ የተመለሰውም ያልሄደውን አይናቅ። በእናቱ አልጋ አጠገብ ሲያስታምም ያደረው ሰው ዝቋላን ባይረግጥም ከመንገዱ አልቀረም።

አምላከ ቅዱሳን እግራችንንም ልባችንንም ያቅናልን።